ለፈታይዋ እናቴ የትኛው ሌንስ ይሻላል?

ጠያቂ (ቢቸና)፦
ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ 67 ዓመቷ ነው፣ ሁለቱም ዓይኗ ላይ ሞራ አለ። የቀኙ ሰኞ ይሠራል ተብሏል። አንዱ ሐኪም ሩቁን የሚያሳይ ሌንስ ይግባላትና ለቅርቡ መነጽር ታደርጋለች አለን። ሌላ ቦታ ደግሞ ሩቁንም ቅርቡንም የሚያሳየው ይሻላል አሉን፣ ዋጋው ግን ከአቅማችን በላይ ነው። እማዬ ፈታይ ናት። አሁን ክሩ በተበጠሰ ቁጥር እንዝርቱን ጭኗ ላይ አስተኝታ ጫፉን በጣቷ እየዳበሰች ነው የምትፈልገው፣ ሳያት አንጀቴን ትበላዋለች። መነጽር ደግሞ በዕድሜዋ አድርጋ አታውቅም። ምን ትሉኛላችሁ?

መልስ (ደብረ ማርቆስ)፦
እግዜር ይማርልሽ እህቴ። አባቴም ተሠርቷል፣ የገባለት ለሩቅ የሚሆነው ተራው ሌንስ ነው። በማግስቱ ፋሻው ሲነሣ ማዶ የቆመውን ሰው በስሙ ጠራው፣ እልል አልን። ቤት ገብቶ ዳዊቱን ሲገልጥ ግን ፊደሉ ደበዘዘበትና «አበላሹኝ» ብሎ ሦስት ቀን አኮረፈ። ቀድሞ የነገረን ስላልነበረ እኛም ደንግጠን ነበር። የማንበቢያ መነጽር ታዘዘለት፣ ይኸው ዛሬ ይደግማል። ምንም ይግባ ምን፣ ከወዲሁ ንገሪያቸው።

መልስ (ባሕር ዳር፣ የዓይን ክፍል ነርስ ነኝ)፦
ተራው ሌንስ የሚያጠራው አንድ ርቀት ላይ ነው። ያ ርቀት ግን የግድ ሩቅ መሆን የለበትም። ከቀዶ ሕክምናው በፊት የዓይኑ ርዝመትና የብሌኑ ጉብታ ይለካል፣ የሌንሱ ቁጥር የሚመረጠው ያኔ ነው። ስለዚህ ለቅርብ እንዲሆን መጠየቅ ትችያለሽ፣ ለሩቁ መነጽር ያደርጋሉ ማለት ነው። «ፈታይ ናት» ብቻ ብለሽ አትተይው። ሲፈትሉ ከዓይናቸው እስከ ጥጡ ያለውን በክር ለክተሽ ይዘሽ ሂጂ። ውዱ ሌንስ ብርሃኑን ስለሚከፋፍል ማታ መብራት ዙሪያ ቀለበት ሊያሳይ ይችላል፣ ግላኮማ (የዓይን ነርቭን የሚጎዳ ሕመም) ወይም የረቲና (ከዓይን ውስጥ በስተኋላ ብርሃን የሚቀበለው ስስ ሽፋን) ችግር ካለ ደግሞ ብዙ ጊዜ አይመከርም። ርካሹ ያረጃል ብለሽም አትስጊ፣ ዕድሜ ልክ ነው የሚቆየው። ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ብዥ ካለባቸው ከሌንሱ ጀርባ ያለው ስስ ከረጢት ደፍርሶ ሊሆን ይችላል፣ እሱ በሌዘር ይጠራል።

ጠያቂ፦
ተባረኩ። በራሷ ፈትል ለካሁት፣ ክንድ ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው። እማዬን ስጠይቃት «የቤተ ክርስቲያኑን መንገድ እግሬ ያውቀዋል፣ ክሬን ልይ» አለች። ክሩን ጠቅልዬ ከካርዷ ጋር አስቀምጫለሁ።