የድጉስ ንድፍ በብሮሸር ሽፋን ላይ ያለ ቀለም ተጭኖ እንዲታይ፦ ወረቀት፣ ዳይና አስተጣጠፍ ላይ ምክር እፈልጋለሁ

ቀለሟ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለብራና መጻሕፍት ዐውደ ርእይ የሚታደል 500 ብሮሸር እጄ ላይ አለ። ሽፋኑ የድጉስ፣ ማለትም በብራና መጻሕፍት የቆዳ ሽፋን ላይ ተጭኖ የሚሠራው ጌጥ፣ ንድፍ ነው፤ መሀሉ መስቀል፣ ዙሪያውን ድርብ መስመር፣ በመስመሮቹ መካከል ትንንሽ ክቦች። ይህ ሁሉ ያለ ቀለም፣ በሌተርፕረስ (ጎልቶ የወጣ ቅርጽ ወረቀቱ ላይ እየተጫነ በሚታተምበት ዘዴ) ተጭኖ ብቻ እንዲታይ እፈልጋለሁ። ከሥሩ ርእሱ በ14 ፖይንት ይገባል፤ እሱም ያለ ቀለም።

የመጀመሪያው ናሙና የተሠራው በ150 ግራም አንጸባራቂ አርት ፔፐር ነው። ኤ4 ሦስት እጥፍ፣ ፊትና ጀርባው በኦፍሴት ታትሟል። ዳዩ (ንድፉ የተቀረጸበትና ወረቀቱን የሚጫነው አካል) ማግኒዥየም፣ ማሽኑ 26 በ38 ሴንቲ የሚይዘው ሃይደልበርግ ፕላተን። አራት ችግር ወጣ፦ በመስመሮቹ ጠርዝ ላይ ወረቀቱ እንደ እንቁላል ቅርፊት ተሰነጣጠቀ፤ ከሽፋኑ ጀርባ ያለው ጽሑፍ ተጉረብርቦ ለማንበብ አስቸገረ፤ የ«ሴ»ና የ«ጬ» ቀለበት ተደፈነ፤ እጥፉ ላይ ቀለሙ ተልጦ ነጭ መስመር ታየ።

ወረቀቱን ልቀይር፣ ዳዩን ወይስ ንድፉን? ወደ ላይ ጎልቶ የሚወጣው ኢምቦስ ይሻላል ወይስ ወደ ውስጥ የሚሰምጠው ዲቦስ?

የወረቀት ሰው፦
ቀለሟ እህቴ፣ ዳዩን ከመንካትሽ በፊት ወረቀቱን ቀይሪ። የአርት ፔፐር ገጽ የካልሲየም ካርቦኔት ወይም የካኦሊን ልስን ነው። ከሥሩ ያለው የወረቀት ክር ሲጫኑት ይለጠጣል፤ ልስኑ ግን መለጠጥ አይችልም፣ ይሰነጠቃል። ጠርዝ ላይ ያየሽውና እጥፍ ላይ ያየሽው አንድ ችግር ነው።

ሌላው ውፍረቱ ነው። 150 ግራም አንጸባራቂ ወረቀት ሲመረት በሮለር ተጨፍልቆ ስለሚለሰልስ 0.12 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ነው። ዳዩ የሚሰምጥበት ሥጋ የለውም። ከጥጥ የተሠራ 300 ግራም ወረቀት ግማሽ ሚሊ ገደማ ይሆናል፤ 600 ግራሙ ደግሞ 1 ሚሊ ገደማ። የጥጡ ካልተገኘ ወይም ዋጋው ካልቻልሽው፣ ልስን የሌለው፣ በተለምዶ ውድፍሪ የሚባለው 300 ግራም በቂ ውጤት ይሰጣል፤ እሱ 0.36 ሚሊ አካባቢ ነው።

ስትገዢ ግራሙን ብቻ ጠይቀሽ አትመለሺ። 10 ሉህ ደራርበሽ በካሊፐር (የውፍረት መለኪያ መሣሪያ) ለኪና ለ10 አካፍዪው። ግራማቸው እኩል ከሆኑ ሁለት ወረቀቶች ወፍራሙን ምረጪ፤ ውስጡ አየር ስላለ ሲጫኑት ይቀበላል። ከዚያ በአውራ ጣትሽ ጥፍር ጠበቅ አድርገሽ አንድ መስመር ጫኚበትና ወደ መስኮት አዙሪው። ጥርት ያለ ጥላ ያለው ቦይ ከታየሽ ወረቀቱ ይሆናል። ቦዩ ወዲያው ተመልሶ ከጠፋ ወይም ገጹ ከተቦጨቀ ሌላ ፈልጊ።

ባለ ሮለር፦
ዲቦስ ይሁን። ዋጋው ስለሚቀንስ ብቻ አይደለም፤ ድጉስ ራሱ በጋለ ብረት ቆዳው ላይ እየተጫነ የሚሠራ ነው፣ ንድፉ ወደ ውስጥ የሰመጠ ነው። ወደ ላይ ብታወጪው ቆዳው ላይ ያለውን ነገር ገለበጥሽው ማለት ነው።

ከማሽን በኩልም ይቀላል። ኢምቦስ ሁለት አካል ይፈልጋል፦ ጎድጓዳው ዳይ ማሽኑ ላይ ይታሰራል፣ ከእሱ ጋር የሚገጥመው ጉብታ ደግሞ በወረቀቱ ጀርባ በኩል ይለጠፋል። ሁለቱ በግማሽ ሚሊ ከተዛነፉ ወረቀቱ ይቀደዳል። ዲቦስ ግን ጎላ ያለ አንድ ዳይ ብቻ ነው የሚፈልገው።

ጀርባው የተጉረበረበው ከወረቀቱ ሥር ያለው ፓኪንግ ለስላሳ ስለነበረ ይመስለኛል። ፓኪንጉ ለስላሳ ከሆነ ዳዩ ወረቀቱን ወደ ኋላ ይገፋዋል፣ ፓኪንጉም ይሰረጉዳል፣ ጉብታው በጀርባ ይወጣል። ጠንካራ ከሆነ ግን ወረቀቱ መሄጃ ስለሚያጣ ባለበት ይታመቃል። ስለዚህ ጎማና ስፖንጅ ነገር ሁሉ ይውጣ። ከላይ የተወጠረ ጠንካራ ወረቀት፣ ከሥሩ ቀጭን ጠንካራ ካርቶን ወይም የፕላስቲክ ሉህ፤ በዚህ ማሽን ጠቅላላው 1 ሚሊ ገደማ ነው። ግፊቱን የምትጨምሪው አንዲት 0.05 ሚሊ ስስ ወረቀት ከሥር እያስገባሽ፣ በየጊዜው አንድ ናሙና እያወጣሽ ነው። አንድ ጥግ ብቻ ካልሰመጠ ጠቅላላ ግፊት አትጨምሪ፤ እዚያ ቦታ ብቻ የስስ ወረቀት ቁራጭ ለጥፊ። ፓኪንግ ሲነካ ሞተሩ ይጥፋ፣ እጅ ከውስጥ ከወጣ በኋላ ብቻ ይነሣ።

ከ0.2 እስከ 0.3 ሚሊ ከሰመጠ በ300 ግራም ጥጥ ላይ በደንብ ይታያል። ከዚያ በላይ ከተጫነ የወረቀቱ ክር ጠርዝ ላይ መበጠስ ይጀምራል።

ፊደል ቀራጭ፦
እኔ ስለ ፊደሉ ልናገር፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው። ለላቲን ፊደል የተጻፈውን መመሪያ ይዘው ግዕዙን በዚያው መጠን ያወርዱታል። የእኛ ፊደል ግን በትንሽ ቦታ ብዙ ቀለበትና ብዙ እግር አለው። በ«ሴ» እግር ላይ ያለው ቀለበት በ14 ፖይንት ውስጡ የመርፌ ቀዳዳ ያህል ነው። ወረቀት ደግሞ ከዳዩ ጠርዝ ጀምሮ ተዳፍቶ ነው የሚሰምጠው፤ ከግራና ከቀኝ የመጡት ተዳፋቶች ቀለበቱ መሀል ይገናኙና ቀዳዳው ይጠፋል። ዳዩ አልበላሸም፣ ቦታው ነው ያነሰው።

በመስመሮች መካከል ያለው ክፍተት ቢያንስ የወረቀቱን ውፍረት እጥፍ ይሁን። ወረቀትሽ ግማሽ ሚሊ ከሆነ ከ1 ሚሊ የጠበበ ቀለበት ባይኖር ይመረጣል። ይህን በ14 ፖይንት አታገኚውም። ርእሱ ያለ ቀለም ከሆነ 36 ፖይንትና ከዚያ በላይ አድርጊው፤ ወይም 14 ፖይንቱን እንዳለ ትተሽ በቀለም፣ በቀላል ግፊት አትሚው። በቀለም ከሆነ ከ9 ፖይንት ጀምሮ ጥርት ብሎ ይወጣል። ርእሱን በሌላ ቃል መጻፍ የሚቻል ከሆነም አስቢበት። «ብራና» የሚለው ቃል ክፍት ፊደላት ስላሉት እጅግ ያምራል፤ «መጽሐፍ» ግን የ«መ» ሁለት ክብና የ«ጽ» እግር ተጠጋግተው ይጨናነቃሉ።

ቅርጸ ፊደሉም ይታሰብበት። አቢሲኒካ የቁም ጽሕፈትን ተከትሎ ወፍራምና ቀጭን መስመር ያፈራርቃል፤ ቀጭኑ መስመር በዲቦስ ደብዛው ይጠፋል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ በብዙ ውፍረት ስለሚገኝ መካከለኛውን መርጠሽ በፊደሎቹ መካከል ትንሽ ክፍተት ጨምሪበት። እጅግ ወፍራሙን አትውሰጂ፣ ቀለበቱን ይበላዋል።

በፖሊመር ፕሌት (ከብረት ይልቅ በፕላስቲክ ዳይ) ከተሠራ ደግሞ «፡» እና «።» ላይ ተጠንቀቂ። ነጥቦቹ ብቻቸውን የቆሙ ስለሆኑ ፕሌቱ ሲታጠብ የሚይዛቸው ነገር የለም፤ በብሩሽ ተነቅለው ይሄዳሉ። ብቻውን የቆመ ነጥብ ከ0.3 ሚሊ አይነስ። ለዲቦስ ደግሞ ከ0.7 ሚሊ በታች ያለ ነጥብ ወረቀቱን እንደ ወስፌ ይወጋዋል። የድጉሱ ትንንሽ ክቦችም በዚሁ ሕግ ይለኩ።

ፋይሉ ቬክተር (በነጥብ ሳይሆን በመስመር የተሳለ)፣ አንድ ቀለም፣ 100 በመቶ ጥቁር ይሁን። ፊደሉ ወደ ቅርጽ ተቀይሮ ይላክ፤ አለዚያ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ፊደሉ ተቀይሮ ይከፈታል።

ቀለሟ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ በጣም ጠቅማችሁኛል። ርእሱን ወደ «ብራና» አሳጥሬ 40 ፖይንት አደርገዋለሁ። ሁለት ነገር ቀረኝ። የሽፋኑ ጀርባ ላይ ጽሑፍ መግባቱ ግድ ነው፣ ባዶ ልተወው አልችልም። ደግሞ ፖሊመር ከማግኒዥየም ይረክሳል ተብያለሁ፤ ለዲቦስ ይበቃል?

ባለ ሮለር፦
ለ500 ኮፒ ፖሊመር ይበቃል። ግን ስሱን 0.95 ሚሊ አትዘዢ፣ 1.5 ሚሊውን አድርጊው። በስሱ ላይ ጠለቅ ብለሽ ስትጫኚ የፕሌቱ ወለል ራሱ ወረቀቱን ይነካና ባዶው ቦታ ላይ የማይፈለግ ጠባሳ ያስቀራል። ፕሌቱ፣ ማጣበቂያውና የሚያርፍበት መሠረት ተደምረው የፊደል ቁመት ማለትም 23.3 ሚሊ መሙላት አለባቸው። የአውሮፓ ማሽኖች 23.56 ሊሆኑ ስለሚችሉ ማተሚያ ቤቱ መሠረቱን በካሊፐር ለክቶ ይንገርሽ። ኮፒው ወደ ብዙ ሺህ የሚሄድ ወይም በኋላ በድጋሚ የሚታተም ከሆነ መዳብ ወይም ናስ ይሻላል፤ ማግኒዥየም በማስቀመጥ ብዛት ይዝጋል።

ጥራዝ፦
የጀርባውን ጉዳይ እኔ ልመልስ። ሦስት እጥፉን ተዪውና ሉሁን በአንድ ፊት ብቻ አትመሽ ሁለት ጊዜ እጠፊው። ሉሁ 24 በ34 ሴንቲ ይሁን፣ 34ቱ ቁመት። መጀመሪያ መሀሉ ላይ በአግድም ወደ ኋላ ይታጠፋል፣ 24 በ17 ይሆናል። ቀጥሎ በቁም ይታጠፋል፣ 12 በ17 ሆኖ ያልቃል። ታችኛው ግማሽ ላይ በቀኝ ሽፋኑ፣ በግራ የኋላ ገጹ ይቀመጣል። ላይኛው ግማሽ ላይ የውስጡ ሁለት ገጽ ተገልብጦ ይቀመጣል፤ ሲታጠፍ ቀና ይላል። እንዲህ ሲሆን የዲቦሱ ጀርባ በሁለቱ ድርብ መካከል ተደብቆ ይቀራል፣ የውስጡ ጽሑፍ ሌላ ድርብ ላይ ስለሆነ አይነካም።

ወረቀቱ ግን 300 ግራም ሊሆን አይችልም። አራት ድርብ ሲታጠፍ ጥጉ ላይ ይሸበሸባል። 160 ግራም ውድፍሪ ውሰጂ፤ ጥልቀቱ ይቀንሳል፣ መስመሮቹ ግን በግልጽ ይታያሉ። እጥፉ ላይ አስቀድሞ ክሪዚንግ፣ ማለትም መታጠፊያውን በብረት ተጭኖ ቦይ ማውጣት፣ ይደረግ። የቦዩ ስፋት የክሪዚንግ ብረቱ ውፍረት ሲደመር የወረቀቱ ውፍረት አንድ ተኩል እጥፍ ነው፤ ለ0.71 ሚሊ ብረትና ለ0.2 ሚሊ ወረቀት 1 ሚሊ ይመጣል። ከክሪዚንጉ የወጣው ጉብታ በእጥፉ ውስጥ በኩል ይሁን። የውስጡን ግማሽ 16.9፣ የውጩን 17.1 ሴንቲ ብታደርጊው የውስጡ ጠርዝ ብቅ አይልም።

ከ70 በ100 ሉህ 25 በ35 የሆነ 8 ቁራጭ ይወጣል። ማሽኑ ቢይዘውም 26 በ37 ልቁረጥ ብትዪ ሁሉም በአንድ አቅጣጫ ሲቆረጡ 4 ብቻ ነው የምታገኚው፤ የቀረው ቅሬት ነው። በየዙሩ ለማስተካከያ 30 ያህል ስለሚበላሽ 600 ቁራጭ፣ ማለትም 75 ሙሉ ሉህ ግዢ።

የወረቀት ሰው፦
በጥራዝ ስሌት ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ ካልታየ ሥራውን ያበላሻልና። የወረቀቱ ክር ከመጨረሻው እጥፍ ጋር አብሮ መሄድ አለበት፣ ማለትም በ35ቱ አቅጣጫ። 35ቱ የሚቆረጠው ከ70ው ጎን ነው። ስለዚህ ክሩ በ70ው ጎን የሚሄድ ሉህ ነው የምትፈልጊው። በ100ው ጎን የሚሄደውን ከገዛሽ መጨረሻው እጥፍ ክሩን እየሰበረ ይታጠፋል፣ ብሮሸሩም አልዘጋ ብሎ ይከፈታል።

ሻጩ ካላወቀው ከሉሁ ትንሽ አራት ማዕዘን ቁረጪ፣ የቱ ጎን 70ው እንደነበረ ምልክት አድርጊ፣ አንድ ፊቱን በውኃ አርጥቢው። ይጠቀለላል፤ ጥቅልሉ እንደ ቧንቧ የተኛበት አቅጣጫ የክሩ አቅጣጫ ነው።

ባለ ሮለር፦
በበጋ ወራት ከሆነ የሚታተመው አየሩን አትርሱት። አዲስ አበባ በበጋ ደረቅ ናት፤ ወረቀቱ ሲደርቅ ክሩ ይገትራል፣ ዲቦስ ሲደረግ ይሰነጠቃል። ፖሊመር ፕሌቱም ሲደርቅ ይገትራል፣ ጠርዙ ከመሠረቱ ይላቀቃል፤ ሥራ ላይ ካልሆነ በታሸገ ፕላስቲክ ከፀሐይ ርቆ ይቀመጥ። ወረቀቱ ያለበት ክፍል እርጥበቱ ከ50 እስከ 55 በመቶ ቢሆን ጥሩ ነው። ካልሆነ በየ25 ሉሁ መካከል በትንሹ የረጠበ መምጠጫ ወረቀት አስገብተው፣ በፕላስቲክ ጠቅልለው፣ ሰሌዳ ጭነውበት ይደር። ሲነኩት ቀዝቀዝ ማለት አለበት እንጂ እርጥብ መሆን የለበትም። ይህ የሚደረገው የቀለም እትመቱ ካለቀ በኋላ ነው፤ ቀድሞ ከተደረገ ወረቀቱ ክሩን አቋርጦ ስለሚሰፋ የኦፍሴቱ ቀለሞች አይገጥሙም።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን፦ ቀለሙ ታትሞ ቢያንስ 24 ሰዓት ይድረቅ፤ ወደ 24 በ34 ይቆረጥ፤ ዲቦስ፤ ክሪዚንግ፤ እጥፍ። ለዲቦሱ ሮለሮቹ ከማሽኑ ይውጡ፣ ፕሌቱም ይጠረግ፤ ትንሽ ቀለም ከቀረ ነጩ ወረቀት ላይ ግራጫ ጥላ ይጥላል።

ፊደል ቀራጭ፦
ዐውደ ርእዩ ክፍል ውስጥ መብራቱ ከላይ የሚወርድ ከሆነ ቀለም አልባው ንድፍ ላይታይ ይችላል፤ ዲቦስ የሚታየው ከጎን በሚመጣ ብርሃን ነው። ሮለሮቹን ከማውጣት ይልቅ በጣም የሳሳ ቀለም መጠቀም ትችያለሽ፤ ግልጽ ማቅጠኛ ላይ 5 በመቶ ያህል ቡናማ ጨምረሽ። ወረቀቱ ራሱ ጥላ የጣለ እንጂ ቀለም የተቀባ አይመስልም። ሁለቱንም 10፣ 10 አሳትመሽ እዚያው መብራት ሥር እያቸው።

ቀለሟ፦
መቁረጡ ከዲቦስ በፊት የሆነው ለምንድን ነው? ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ ነው የሚቆረጠው።

ጥራዝ፦
የመቁረጫው መጫኛ ብረት ክምሩን አጥብቆ ስለሚይዝ ነው። ዲቦሱ ከመጫኛው ሥር ከዋለ የላይኞቹ 20 እና 30 ሉሆች ተጨፍልቀው ንድፉ ይደበዝዛል። ቀድሞ ከተቆረጠ ደግሞ ማሽኑ የሚመራው በተቆረጠው ጠርዝ ስለሆነ መስቀሉ መሀል ይውላል። ታጥፎ ሲያልቅም በላስቲክ አጥብቃችሁ አትሰሩት፤ 50፣ 50 እየሆነ ካርቶን ውስጥ፣ ሽፋን ከሽፋን ፊት ለፊት ሆኖ ይቀመጥ።