ኤቭበሪ ሄንጅ፦ ጉድባው ለምን ከውስጥ ተቆፈረ?

መንገደኛው፦
ሰላም ወገኖች። ቅዳሜ እንግሊዝ አገር ዊልትሸር ውስጥ የጥንት ሰዎች ትልልቅ ድንጋዮችን በክብ ያቆሙበት ኤቭበሪ ሄጄ ነበር፣ እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም። አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ዙሪያውን ትልቅ የአፈር ክምር አለ፣ ጥልቁ ጉድባ ደግሞ ከክምሩ ወዲህ፣ በውስጥ በኩል ነው። ምሽግ ከሆነ ጠላት ከውጭ አይደል የሚመጣው? ደግሞ ጓደኛዬ ብረት መፈለጊያ ማሽን አለው፣ ይዘን ብንሄድ ችግር አለው?

የድሮ ነገር ወዳጅ፦
ጥሩ አይተሃል! ምሽግ ስላልሆነ ነው። ጉድባው ከውስጥ፣ ክምሩ ከውጭ መሆኑ ነው ሄንጅ፣ ማለትም በጉድባና በክምር የታጠረ የጥንት ክብ ቦታ፣ የሚያሰኘው። የሚገርመው ስሙን ለሁሉም ያዋሰው ስቶንሄንጅ ራሱ ዋናው ክምሩ ከጉድባው ወደ ውስጥ ነው። ኤቭበሪ ከ4,000 ዓመት በላይ ሆኖታል፣ ጉድባው መጀመሪያ ላይ 9 ሜትር ገደማ ይጠልቅ ነበር፣ አሁን የምታየው ግማሹ በአፈር የተሞላውን ነው። ያንን ሁሉ ነጭ ኖራ ድንጋይ በአጋዘን ቀንድ ነው የቆፈሩት። ብረት የሚባል ነገር አልነበረም እኮ።

ሰላም፦
ማሽኑን እቤት ተዉት፣ በጣም ነው የምለምናችሁ። ቦታው በ1979 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ሕግ የተጠበቀ ነው፣ ያለ ፈቃድ ማሽኑን ማብራት ብቻውን ያስከስሳል። ሕጉን ለጊዜው እንተወውና ይህን ስማ። በ1938 አንድ የተቀበረ ድንጋይ ሲነሳ ከሥሩ የሰው አጽም ተገኘ፣ አጠገቡ መቀስና የ14ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሳንቲሞች ነበሩ። በእነሱ ነው ድንጋዩ መቼ እንደተቀበረ የታወቀው። አንድ ሰው ቀድሞ ሳንቲሞቹን ለቅሞ ኪሱ ቢከት ኖሮ ዛሬ ሳንቲም ብቻ ነበሩ፣ ታሪኩ የለም።

መንገደኛው፦
ገባኝ፣ ለጓደኛዬም እነግረዋለሁ። በየመሃሉ የቆሙት ትናንሽ የኮንክሪት ምሰሶዎችስ?

የድሮ ነገር ወዳጅ፦
የጠፉ ድንጋዮች ቦታ ነው። በ17ኛውና በ18ኛው ክፍለ ዘመን ሰዎች ድንጋዩን በእሳት አግለው ቀዝቃዛ ውኃ እየደፉበት ይሰነጥቁት ነበር፣ ስባሪው ለቤት ሥራ ዋለ። መንደሩ ውስጥ ስትዞር ግድግዳዎቹን አስተውል፣ አንዳንዶቹ የሄንጁ ድንጋይ ናቸው። አርኪኦሎጂስቱ አሌክሳንደር ኬይለር በ1930ዎቹ የወደቁትንና የተቀበሩትን ሲያቆም ነው ባዶ ቦታዎቹን በኮንክሪት ያመለከተው።

ሰላም፦
እንደገና ከሄድክ ደግሞ፣ ዝናብ ዘንቦ ከሆነ ክምሩ ላይ አትውጣ። ሳሩ በእግር ይላጥና ኖራው ይወጣል፣ አንዴ ከተላጠ ቶሎ አይመለስም።