የሮክ ክሪክ የእግር ጉዞ፦ ማመልከቻው ሐሙስ ማታ ይዘጋል

ሐሳብ አቅራቢ፦ የማኅበራችን የድጎማ ማመልከቻ ሦስተኛ ረቂቅ ተያይዟል። ድጎማው ዘንድሮ ካመለጠን ቀጣዩ ዕድል ከሁለት ዓመት በኋላ ነውና አስተያየታችሁን እስከ ረቡዕ ጨርሱ። ዕቅዱ በስብሰባው የተስማማንበት ነው፦ ነሐሴ 26፣ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 1፣ ከልጆቻችን ጋር የሁለት ሰዓት ጉዞ በሮክ ክሪክ ደን ውስጥ። እ.ኤ.አ. በ1914 በዚያ ዕለት ማርታ የምትባለው፣ በእንግሊዝኛ «ፓሴንጀር ፒጅን» የሚባለው ዘር የመጨረሻ ርግብ፣ በሲንሲናቲ የአራዊት መጠበቂያ ሞተች። በድኗ ያለው እዚሁ ዋሽንግተን፣ በስሚዝሶኒያን ሙዚየም ነው። ከሦስት እስከ አምስት ቢሊዮን ይገመት የነበረ ዘር ነው ያለቀው። ልጆቹ ይህን ርግቧን ይመግቧት ከነበሩት የኦክና የቢች ዛፎች ሥር ቆመው እንዲሰሙ እፈልጋለሁ። ርዕሱን የወጣቶች ክፍል ወደ አማርኛ መልሶታል፦ «ተሳፋሪዋ ርግብና ደኗ»።

የቀድሞ ሊቀ መንበር፦ ተሳፋሪዋ? ምን ላይ ተሳፍራ? ይህ ወረቀት የማኅበሩ ማኅተም ያረፈበት ነው። በመጽሔታችን ላይ የወጣውን ስሕተት ሰው እስከ ዛሬ ያነሣብናል። እንዲህ ሆኖ አይወጣም።

የወጣቶች ክፍል፦ የእንግሊዝኛ ስሟ የሚለው እንደዚያ ነው። ከራሴ የጨመርሁት የለም።

የቀድሞ ሊቀ መንበር፦ የእንግሊዝኛው ቃል ራሱ ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው። የምታልፍ፣ ከቦታ ቦታ የምትሸጋገር ለማለት እንጂ ባቡር ላይ የተቀመጠች ለማለት አይደለም። «አላፊዋ ርግብ» በሉት።

ገንዘብ ያዥ፦ ከስሙ በፊት አውቶቡሱን ጨርሱልኝ። ባለፈው ጉዞ ያስያዝነውን ቀብድ ድርጅቱ እስከ ዛሬ አልመለሰም። ሁለተኛ በቃል ብቻ አልከፍልም። ሦስት ዋጋ በጽሑፍ አምጡ።

ሐሳብ አቅራቢ፦ ዋጋውን አመጣለሁ። «አላፊ» ግን አይሆንም። አላፊ ጠፊ ስንል በራሱ ጊዜ የሚያልፈውን ማለታችን ነው፤ እርሷ ግን ተገድላ ነው ያለቀችው። እ.ኤ.አ. በ1871 በዊስኮንሲን ከ2,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ ደን ላይ ጎጆ ሠርታ ነበር። የት እንዳረፈች በቴሌግራፍ ይነገራል፣ አዳኞች በባቡር ይደርሳሉ፣ በመረብና በጥይት ይለቅማሉ፣ ሥጋው በበርሜል ታሽጎ ወደ ከተማ ይጫናል። በ1878 ሚቺጋን ውስጥ ፔቶስኪ ላይ የሆነውም ይኸው ነው። በአንድ ጎጆ አንድ እንቁላል ብቻ የምትጥል ወፍ ናት፤ መከታዋ ብዛቷ ነበር። ብዛቷ ሲሰበር የቀሩት ተበታትነው መራባት አቃታቸው። አላፊ ካልናት ጥፋቱ የእርሷ ይመስላል።

የሲልቨር ስፕሪንግ አባል፦ ታዲያ «ስደተኛዋ ርግብ» ብንለው ምን አለበት? ፍሬ ፍለጋ አገር ታቋርጥ አልነበረም?

የወላጆች ተወካይ፦ ይህን ቃል ከረቂቁ አጠገብ አታድርሱት። እኔ በሱዳን በኩል በእግሬ ወጥቼ ነው እዚህ የደረስሁት። «ስደተኛዋ ተጨፍጭፋ አለቀች» የሚል ወረቀት ልጄ ወደ ትምህርት ቤት ይዞ አይሄድም። እዚህ ካለነው ግማሹ በዚያ ስም ተጠርተናል። ይህ ከቀረ ከሃያ ቤተሰብ በላይ አመጣለሁ፤ ካልቀረ እኔም አልመጣም።

የሲልቨር ስፕሪንግ አባል፦ ስለ ወፍ ነው የተናገርሁት፤ ለምን ወደ እኛ ይዞራል?

የወላጆች ተወካይ፦ በአማርኛ ስለሚነበብ ነዋ።

ጸሐፊ፦ በሁለት ቀን የተጻፈው ሁሉ ማለት ይቻላል ስለ ስሟ ነው። መንገዱን የሚመራው ማን እንደሆነ አንድ ሰው እንኳን አልጠየቀም።

የወጣቶች ክፍል፦ እኔ ከትርጉሙም ከበራሪ ወረቀቱም ወጥቻለሁ። ሦስት ሌሊት ሠርቼበት የተነገረኝ ማኅተም አበላሸህ የሚል ብቻ ነው። ሥዕሉን ልኬያለሁ፤ ተጠቀሙበት።

የቀድሞ ሊቀ መንበር፦ ልጄ፣ ቃሌ በርትቶብህ ከሆነ ይቅር በለኝ። በቃሉ ላይ እንጂ በአንተ ላይ አልነበረም። ሥዕሉን አይቼዋለሁ፤ የደረቷን ቀለም አሳምረህ አውጥተኸዋል። ተመለስ። እኔም «መንገደኛዋ ርግብ» ለሚለው እስማማለሁ።

የመስተንግዶ ኮሚቴ፦ መንገደኛም ትሁን ሌላ፣ ሰው ሁለት ሰዓት ተራምዶ ባዶ ሆዱን አይመለስም። ፍልሰታ ተፈትቷል፣ ቀኑ ቅዳሜ ከሆነ ጾም አይደለም። ደግሞስ ለዕንቁጣጣሽ አሥር ቀን ሲቀረው ሰውን ሁለት ጊዜ ከምትጠሩ ለምን አንድ ላይ አታደርጉትም? ልጃገረዶቹ አበባየሆሽ ይላሉ፣ ቡናው እዚያው ይፈላል። ለዚያ ከሆነ ሰው ይመጣል።

ገንዘብ ያዥ፦ ይህ ያዋጣል። ሰው በየመኪናው ከመጣ አውቶቡሱ ይቀራል፤ ገንዘቡ ለድንኳንና ለጠረጴዛ ይሆናል።

ሐሳብ አቅራቢ፦ ነሐሴ 26ን የመረጥሁት ስላመቸኝ አይደለም፤ የሞተችበት ቀን ስለሆነ ነው። እኔ መናገሻ ሱባ ደን ውስጥ የሠራሁ ሰው ነኝ። ያ ጽድ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ከወፍ ዋሻ ደን በመጣ ዘር እንደተተከለ እየተነገረን፣ ስለዚያ እየተኩራራን፣ በዓይናችን ፊት መጥረቢያ ሲገባበት አይተናል። ብዙ ነው፣ አያልቅም ይባል ነበር። ስለዚህች ርግብም የተባለው ይኸው ነበር። ሮክ ክሪክ እ.ኤ.አ. በ1890 ፓርክ ተብሎ ሲከለል እርሷ ከዱር ልትጠፋ ጥቂት ዓመታት ብቻ ቀርተዋት ነበር። ትበላው የነበረው የቼስትነት ዛፍም በ1904 ኒው ዮርክ ውስጥ በተገኘው የፈንገስ በሽታ በየጫካው አለቀ። ዛሬ በዚያ ደን ስንራመድ ወፏም የለችም፣ ከቀለቧም አንዱ፣ ቼስትነቱ፣ የለም። ይህን ለልጆች መናገር ከድንኳን አያንስም።

የመስተንግዶ ኮሚቴ፦ ጋሼ፣ ያንሳል ያለ የለም። ሰው ከሌለ ለማን ሊነግሩ ነው?

የጤና ባለሙያ አባል፦ በቁምጣ የሚመጣ ልጅ እንዳይኖር። መዥገሩ በዚያ ወቅት አለ፤ ከጉዞው በኋላ እግራቸውን ፈትሹ። የመጀመሪያ ዕርዳታውን እይዛለሁ ያልሁት ግን ለነሐሴ 26 ነበር። ለዕንቁጣጣሽ ሥራ ላይ ነኝ፤ ሌላ ሰው ፈልጉ።

ጸሐፊ፦ መንገድ እመራለሁ ያሉት አባል ከሰኞ ጀምሮ ስልክ አያነሡም። የፓርኩን ፈቃድ እከታተላለሁ ያሉትም እንዲሁ። ሌላ የሚወስድ አለ?

ጸሐፊ፦ ዝም ስላላችሁ ፈቃዱን እኔ ወስጄዋለሁ። አራተኛው ረቂቅ ተያይዟል። ርዕሱ «የዘመን መለወጫ የቤተሰብ ጉዞ በሮክ ክሪክ» ሆኗል። የእግር መንገዱ ወደ አርባ ደቂቃ አጥሯል፣ ከምሳ በፊት ስለ ርግቧ አሥር ደቂቃ ንግግር አለ። ምሳና ቡና፣ ድንኳን ሁለት። አውቶቡስ የለም።

የሲልቨር ስፕሪንግ አባል፦ በዚያው ስለ አገራችን ወፎችም ይነገር። ነገሌ ቦረና አጠገብ በሊበን ሜዳ ያለችው ወፍ የሣር ሜዳዋ እያለቀባት እኮ ነው።

የወላጆች ተወካይ፦ ይህኛው ይጨመር።

ጸሐፊ፦ አሥር ደቂቃ ለሁለት አይበቃም።

ሐሳብ አቅራቢ፦ እፈርማለሁ፤ ድጎማው እንዲቀርብን አልፈልግም። ሁለት ነገር ግን ይጻፍልኝ። ንግግሩ ድንኳኑ ውስጥ ሳይሆን ከወንዙ በላይ ባለው ትልቁ ቢች ሥር ይሁን፤ ሰው ከተቀመጠ በኋላ አይነሣም። ነሐሴ 26 ደግሞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ እኔ እዚያው ዛፍ ሥር እገኛለሁ። ልጁን ይዞ መምጣት የሚፈልግ ይምጣ፤ የማኅበሩ ገንዘብ አያስፈልገውም።

የወጣቶች ክፍል፦ እኔ እመጣለሁ። ወረቀቱንም እጨርሰዋለሁ፤ ስሟን ብቻ ንገሩኝ።

የቀድሞ ሊቀ መንበር፦ መንገደኛዋ።

የወላጆች ተወካይ፦ መንገደኛዋ ይሻላል። ግን «ርግብ» ነው ወይስ «ዋኖስ»? ኦሪቱ ሁለቱን ለያይቶ ነው የሚጠራቸው።

ጸሐፊ፦ የስሙን ቦታ ክፍት ትቼ ለማተሚያ ቤት ልኬዋለሁ። እስከ ሐሙስ ቀትር ይጠብቁናል።