ፍሳሹ አልወርድ ብሎኛል

አዲስ አበባ ነው፤ ግቢያችን ከመንገዱ ዝቅ ይላል። ከሽንት ቤቱ እስከ መንገዱ ማንሆል (የፍሳሽ መስመሩ ጉድጓድ) 18 ሜትር ይሆናል። የተዘረጋው ባለ 110 ሚሊሜትር ፒቪሲ ቧንቧ ነው። በየሁለት ሳምንቱ ይደፈናል። ቧንቧ ሠራተኛ በሽቦ ጎርጉሮ ከፈተው፤ ሳምንት ሳይሞላ ያው ሆነ። ሲመረኝ ውሃ የሞላሁበት ላስቲክ ቱቦ ይዤ ራሴ ለካሁት። ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚወርደው 9 ሴንቲሜትር ብቻ ነው፤ ስሎፑ (ተዳፋቱ) 0.5 በመቶ ማለት ነው። ለዚህ ቧንቧ ቢያንስ 1 በመቶ፣ ማለትም 18 ሴንቲሜትር ያስፈልጋል አሉኝ። መሃሉን ስቆፍር ደግሞ ቧንቧው ሆዱን ጥሎ ውሃ ቋጥሯል። (ሽታውን ተዉት!) ማንሆሉን ዝቅ ማድረግ አይቻልም። የሽንት ቤቱን ወለል 9 ሴንቲሜትር ከፍ አድርጌ ቧንቧውን እንደገና ልዘርጋ ወይስ ጉድጓድ ሠርቼ በፓምፕ ልግፋው?