ሪቤት ላይ የተመሠረተ አውቶማቲክ ስካልፒንግ፤ በሲሙሌተር ሲያተርፍ በእውነተኛ ገንዘብ ለምን ይከስራል?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ፣ ዋጋቸው ዝቅተኛ ሆኖ በብዛት በሚገበያዩ አክሲዮኖች ላይ ስካልፒንግ (በጥቃቅን የዋጋ ልዩነት ለማትረፍ ቶሎ ቶሎ ገዝቶ መሸጥ) የሚሠራ ሶፍትዌር ለራሴ ጽፌአለሁ። ሶፍትዌሩ በምርጡ የመግዣ ዋጋ ላይ የ1,000 አክሲዮን ሊሚት ኦርደር (ከተወሰነለት ዋጋ በላይ የማይገዛ ትእዛዝ) ያስቀምጣል፤ ትእዛዙ ሲሞላ ደግሞ 1 ሳንቲም ጨምሮ ለመሸጥ ይሰለፋል። ሁለቱም ትእዛዞች ቆመው የሚጠብቁ ስለሆኑ በእያንዳንዱ አክሲዮን 0.002 ዶላር ሪቤት (ገበያው ቆሞ ለሚጠብቅ ትእዛዝ የሚመልሰው ክፍያ) አገኛለሁ፣ ለብሮከሬ ደግሞ ስገዛም ስሸጥም 0.0015 ዶላር ኮሚሽን እከፍላለሁ። ስለዚህ አንዷ ሳንቲም ስትገኝ 11 ዶላር፣ በገዛሁበት ዋጋ ብሸጥ እንኳ 1 ዶላር ይተርፈኛል። በሲሙሌተር ለሦስት ወራት ያለማቋረጥ አትርፎ ነበር። በእውነተኛ ገንዘብ ከጀመርኩ ወዲህ ግን፣ አንድም የኮድ መስመር ሳልቀይር፣ ከአምስት ሳምንታት አራቱን በኪሳራ ዘጋሁ። ችግሩ የፍጥነት ይሆናል ብዬ ወደ ገበያው የቀረበ ሰርቨር ለመከራየት እያሰብኩ ነው። ገንዘቡን ከማውጣቴ በፊት በዚህ ሥራ ያለፋችሁ ብትመክሩኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ምላሽ 1፦
ሰርቨሩን ለጊዜው ይተዉት። በእኔም ላይ የደረሰው ይኸው ስለሆነ፣ በመጀመሪያ ሲሙሌተሩ ትእዛዝዎን መቼ «ተሞላ» ብሎ እንደሚቆጥር ይመልከቱ። አብዛኞቹ ሲሙሌተሮች ዋጋው የእርስዎን መግዣ ገና እንደነካ ገዝተዋል ይሉዎታል። በእውነተኛው ገበያ ግን በአንድ ዋጋ ላይ ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይስተናገዳል፤ እርስዎ በመረጧቸው ዓይነት አክሲዮኖች ላይ ደግሞ ወረፋው እጅግ ረጅም ነው፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር አክሲዮን ከፊትዎ ቆሞ ሊያገኙ ይችላሉ። ዋጋው መግዣዎን ነክቶ ወደ ላይ ሲመለስ፣ ማለትም ሊያተርፉበት በሚችሉበት ጊዜ፣ ተራዎ ሳይደርስ ይቀራል። ሻጭ በዝቶ ያ ዋጋ ሲሰበር ግን ከፊትዎ ያለው ሁሉ ተጠርጎ የእርስዎም ትእዛዝ ይሞላል፤ አክሲዮኑ እጅዎ የሚገባው ዋጋው እየወረደ ሳለ ነው። መልካሞቹ ግዢዎች ሲያመልጡዎት መጥፎዎቹ አንድም ሳይቀሩ ይደርሱዎታል ማለት ነው፤ ሪቤቱም በመሠረቱ ይህንን አደጋ ለመሸከም የሚከፈል ዋጋ እንጂ ስጦታ አይደለም።

አሁን በራስዎ ቁጥር እናስላው። ዋጋው 1 ሳንቲም ወርዶ በማርኬት ኦርደር (በተገኘው ዋጋ ወዲያው በሚፈጸም ትእዛዝ) ቢወጡ፣ 10 ዶላር ከዋጋው፣ 3 ዶላር ቆሞ የሚጠብቅን ትእዛዝ የሚወስድ ሰው ለገበያው በሚከፍለው ክፍያ፣ 3 ዶላር በኮሚሽን ያጣሉ፤ 2 ዶላር ሪቤት ይመለስልዎታል። ኪሳራው 14 ዶላር ነው። አንድ እንዲህ ያለ መውጣት በገዙበት ዋጋ ሸጠው ያገኟቸውን አሥራ አራት ትርፎች ይበላል። 11 ዶላር እያተረፉ 14 ዶላር እየከሰሩ ለመቆየት ደግሞ ከ100 ንግዶች 56ቱን ማሸነፍ ይጠበቅብዎታል፤ ያውም ምንም ሳያተርፉ። ስለዚህ ሲሙሌተሩን፣ ዋጋው ከመግዣዎ በታች ካልወረደ በቀር ትእዛዙ እንዳልተሞላ እንዲቆጥር አድርገው እንደገና ይፈትኑት። ከእውነተኛው መዝገብዎም እያንዳንዱ ግዢ ከተሞላ ከ10 ሰከንድ በኋላ ዋጋው የት እንደነበረ ያውጡ።

ምላሽ 2፦
በተባለው እስማማለሁ፤ ሪቤቱ ራሱ የሚቀጥል ገቢ ነው ወይ የሚለውን ብቻ ልጨምር። ይህ አሠራር አይላንድ የተባለው የኤሌክትሮኒክ መገበያያ በ1990ዎቹ መጨረሻ ከጀመረው ወዲህ የተስፋፋ ሲሆን፣ የሪቤቱ ምንጭም ሌላኛው ወገን የሚከፍለው የመውሰጃ ክፍያ ነው። የአሜሪካ የሰነዶችና ገበያዎች ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2005 ለዚህ ክፍያ በአንድ አክሲዮን 0.003 ዶላር ጣሪያ አበጀለት። በመስከረም 2024 እ.ኤ.አ. ደግሞ ጣሪያውን ወደ 0.001 ዶላር ለማውረድና ስፕሬዳቸው (የመግዣና የመሸጫ ዋጋቸው ልዩነት) ጠባብ የሆኑ አክሲዮኖች በግማሽ ሳንቲም እርከን እንዲገበያዩ ወሰነ፤ የተግባር መጀመሪያው ጊዜ ግን ተራዝሟል። ደንቡ ሥራ ላይ ሲውል ገበያው 0.002 ዶላር የሚመልስበት ምንጭ አይኖረውም። ሙሉውን 0.001 ዶላር ቢሰጥዎት እንኳ፣ በገዙበት ዋጋ ሲሸጡ ያገኙት የነበረው 1 ዶላር ትርፍ ወደ 1 ዶላር ኪሳራ ይለወጣል። ከዚህም በላይ በግማሽ ሳንቲም የሚገበያዩት በትክክል እርስዎ የሚሠሩባቸው ዓይነት አክሲዮኖች ናቸው፤ የሚጠብቋት አንዷ ሳንቲምም ወደ ግማሽ ልትወርድ ትችላለች። ዕቅድዎን ያለ ሪቤት አስልተው ካላተረፈ፣ ባይገፉበት እመርጣለሁ።

ምላሽ 3፦
ሁለት ማሳሰቢያዎች አሉኝ። ሶፍትዌሩ በመግዣውም በመሸጫውም በኩል ትእዛዝ የሚያስቀምጥ ከሆነ፣ የራስዎ ትእዛዞች እርስ በርስ እንዳይገናኙ የሚከለክል መቆጣጠሪያ ይኑረው። ሪቤት ለመሰብሰብ ሲባል ከራስ ጋር መገበያየት በሕግ ያስጠይቃል፤ የሰነዶችና ገበያዎች ኮሚሽኑ እ.ኤ.አ. በ2021 በኦፕሽን (አክሲዮንን በተወሰነ ዋጋ የመግዛት ወይም የመሸጥ መብት) ገበያ ይህንን አድርገዋል ያላቸውን ሁለት ግለሰቦች ከሷል። ሁለተኛው የማቆሚያ ገደብ ነው፦ የቀኑ ኪሳራ ወይም በአንድ ደቂቃ የሚላኩ ትእዛዞች ቁጥር ከተወሰነው ሲያልፍ ፕሮግራሙ ራሱን እንዲያቆም ያድርጉ። ናይት ካፒታል የተባለው የአሜሪካ የአክሲዮን አገበያይ ድርጅት ነሐሴ 1 ቀን 2012 እ.ኤ.አ. በ45 ደቂቃ ገደማ ከ440 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያጣው፣ አዲሱ ኮድ ከስምንት ሰርቨሮች በአንዱ ላይ ሳይጫን በመቅረቱ አሮጌው ኮድ ስለነቃ ነበር። ባለሙያ የሞላበት ድርጅት ላይ የደረሰ፣ ብቻውን በሚሠራ ሰው ላይ ለመድረስ ምን ያግደዋል?

ጠያቂ፦
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሲሙሌተሩን በተመከርኩት መንገድ ለውጬ የሦስቱን ወራት ውሂብ ደግሜ ስፈትነው፣ ያ ሁሉ ትርፍ ወደ ኪሳራ ተለወጠ። ከእውነተኛው መዝገብ ደግሞ ከተሞሉልኝ ግዢዎች ከግማሽ በሚበልጡት ላይ ከ10 ሰከንድ በኋላ ዋጋው ከገዛሁበት በታች እንደነበረ አየሁ። ሰርቨሩን አልከራይም። ፕሮግራሙን አቁሜ፣ ከፊቴ ያለው ወረፋ ሲረዝም ትእዛዙን የሚሰርዝ ክፍል እየጻፍኩ ነው፤ ያለ ሪቤት ራሱን እስኪችል ድረስም በሲሙሌተር ብቻ ይቆያል።