ጋስኬቱን ሁለት ጊዜ ብቀይርም የካምቢዮው ኮፓ ማንጠባጠቡን አላቆመም

ከ20 ዓመት በላይ ያገለገለው የመኪናዬ አውቶማቲክ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) በኮፓው (ከሥሩ በተገጠመው የዘይት መያዣ) ጠርዝ በኩል ቀይ ዘይት ስለሚያንጠባጥብ ጋስኬቱን (በኮፓውና በካምቢዮው መካከል ገብቶ ዘይት እንዳይፈስ የሚያሽገውን) ሁለት ጊዜ ቀየርኩ፤ ፍሳሹ ግን አልቆመም። በመጀመሪያው ጊዜ ከቡሽ የተሠራ ጋስኬት ገጥሜ ብሎኖቹን በእጄ ግምት አጥብቄ ነበር፤ ከልክ በላይ ሳላጠብቃቸው አልቀረሁም፣ ምክንያቱም ኮፓውን መልሼ ሳወርደው ስስ ቆርቆሮው በብሎን ቀዳዳዎቹ ዙሪያ ጎብጦ፣ ጋስኬቱም ተጨፍልቆ በ2 ቦታ ተሰንጥቆ አገኘሁት። ስለዚህ ጠርዙን በእንጨት ላይ አስደግፌ በመዶሻ ቀስ እያልኩ አቃናሁ፣ ከአሮጌው ጋስኬት ቅሪት አጸዳሁ፣ ከዚያም የጎማ ጋስኬት ያለ ሲሊኮን ገጥሜ ብሎኖቹን በመኪናው መመሪያ በተጻፈው 12 ኒውተን ሜትር፣ በትይዩ እያፈራረቅሁ አጠበቅኩ።

አሁን መኪናው ሲነዳ ደረቅ ሆኖ ይውላል፤ አንድ ሌሊት ከቆመ በኋላ ግን በማርሽ መምረጫው ዘንግ በኩል ያለው የኮፓው ጥግ ይረጥባል። ሞተሩ ከጠፋ በኋላ በቶርክ ኮንቨርተሩ (የሞተሩን ኃይል በዘይት አማካኝነት ወደ ካምቢዮው በሚያስተላልፈው ክፍል) ውስጥ ያለው ዘይት ቀስ በቀስ ወደ ኮፓው ስለሚመለስ የዘይቱ ከፍታ እንደሚጨምር አውቃለሁ። ታዲያ ጥፋቱ የጋስኬቱ ሳይሆን ከበላዩ ባለው ዘንግ ላይ ዘይት የሚያግደው ጎማ ይሆን? ኮፓውን ለ3ኛ ጊዜ ከመፍታቴ በፊት ይህን በእርግጠኝነት የምለይበትን መንገድ የምታውቁ ባለሙያዎች ብታስረዱኝ ከልብ አመሰግናለሁ።