በኪዊ ግንድ ላይ የሚወጣው ቀይ ፈሳሽ፦ ተክሉን ማዳን ይቻላል?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁም። የምኖረው በጣሊያን፣ በላቲና አካባቢ ሲሆን የምሠራውም በኪዊ እርሻ ነው። ከየካቲት ማለቂያ ጀምሮ በአንዳንድ ተክሎች ላይ፣ በተለይም ቅርንጫፉ ከግንዱ በሚለይበት ቦታና በመቀስ በተገረዙት ጫፎች ዙሪያ፣ መጀመሪያ ወተት የሚመስል ፈሳሽ ይንጠባጠባል፤ ከጥቂት ቀናት በኋላም እንደ ዝገት ይቀላል። ቅርፊቱን በቢላዋ ስፍቀው ከሥሩ ያለው እንጨት ቡናማ ሆኖ አገኘዋለሁ። አሁን ደግሞ በአዳዲሶቹ ቅጠሎች ላይ ዙሪያቸው ቢጫ የሆነ፣ ማዕዘን ያላቸው ትናንሽ ቡናማ ነጠብጣቦች ወጥተዋል፤ እምቡጦቹም ሳይፈነዱ ይጠወልጋሉ። መዳብ ተረጭቷል፤ ፈሳሹ ግን አልቆመም። መዳቡ ለምን አልሠራም? ተክሉ ከነሥሩ ይነቀል ወይስ የታመመውን ቅርንጫፍ መቁረጥ ይበቃል? ፍሬውን የሚበላ ሰውስ ይጎዳል?

ምላሽ፣ በዕፅዋት ጥበቃ ሙያ ከሚሠራ

የመጨረሻውን ጥያቄ አስቀድሜ ልመልስ፤ እዚህ የምጠረጥረው ባክቴሪያ ሰውንም እንስሳንም አያሳምምም። የገለጹት ምልክት በአጭሩ ፒኤስኤ የሚባለውን፣ በሙሉ ስሙ ሱዶሞናስ ሲሪንጌ ፓቶቫር አክቲኒዲዬ ተብሎ የሚጠራውን ባክቴሪያ በጣም ይመስላል። ማረጋገጥ የሚቻለው ግን በቤተ ሙከራ ብቻ ስለሆነ፣ የእርሻው ባለቤት ለክልሉ የዕፅዋት ጤና አገልግሎት እንዲያሳውቁ ያድርጉ። በጣሊያን ኪዊ ላይ ሞሪያ የሚባል ሌላ ጉዳትም አለ፤ ያኛው በበጋ ሙቀት ተክሉን በድንገት የሚያጠወልግና ከሥር መበስበስ ጋር የተያያዘ በመሆኑ ቀይ ፈሳሽ አያሳይም። ሁለቱን ማምታታት ገንዘብም ጊዜም ያባክናል።

በሽታው በጃፓን የታወቀው በ1980ዎቹ (በፈረንጆች አቆጣጠር) ነው። እናንተ ባላችሁበት በላዚዮ ክልል በ1992 ቢታይም ብዙ ጉዳት ሳያደርስ ቆይቶ፣ በ2008 ግን እጅግ ኃይለኛ የሆነ ዝርያው ተነሥቶ በተለይ ቢጫ ሥጋ ያለውን ኪዊ አወደመ።

አሁን ወደ መዳቡ እንምጣ። መዳብ የሚሠራው በተክሉ ገጽ ላይ ነው፤ ባክቴሪያው ገና ወደ ውስጥ ሳይገባ ያገኘዋል እንጂ በእንጨቱ ውስጥ የተቀመጠውን ተከትሎ አይገባም። ባክቴሪያው ደግሞ መግቢያ አያጣም፤ በቅጠሉ ቀዳዳዎች፣ ቅጠል ሲረግፍ በሚቀረው ጠባሳ፣ ውርጭ በሰነጠቀው ቅርፊት፣ በረዶ ባቆሰለው ቦታና እኛው በመቀስ በምንከፍተው ቁስል ይገባል። በደንብ የሚራባው ከ10 እስከ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ቅዝቃዜና በእርጥበት ስለሆነ በበጋ ጋብ ይላል፤ ብዙ ገበሬ ዳነ ብሎ የሚዘናጋውም ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ የመዳብ ርጭት ዋና ጊዜው ፍሬው ከተለቀመ በኋላ፣ ቅጠል በሚረግፍበት ወቅት፣ ከግረዛ በኋላ እና ቡቃያው ከመፈንዳቱ በፊት ሲሆን፣ ሁልጊዜም ዝናብ ከመምጣቱ አስቀድሞ ነው። ፈሳሹ ከወጣ በኋላ የተረጨ መዳብ ያንን ቅርንጫፍ አያድነውም፤ ጎረቤቱን ግን ሊጠብቅ ይችላል።

ምላሽ፣ ከኒው ዚላንድ

እኔ ባለሁበት በቤይ ኦፍ ፕሌንቲ፣ ቴ ፑኬ በምትባለው ከተማ አቅራቢያ በሽታው የተገኘው በፈረንጆች ኅዳር 2010 ነበር። ሆርት 16 ኤ የሚባለው ቢጫ ዝርያ ሊቋቋመው ባለመቻሉ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከእርሻዎች ጠፋ ማለት ይቻላል። ገበሬዎች ግንዱን ቆርጠው በዚያው ሥር ላይ ዛሬ በገበያ ሰንጎልድ የሚባለውን ጎልድ 3 አዳቀሉበት፤ ኢንዱስትሪውም ያንሠራራው በዚህ ነው። ጎልድ 3ም ይያዛል፤ ነገር ግን ተይዞም ያፈራል። ሄይዋርድ የሚባለው አረንጓዴ ዝርያ ከሆርት 16 ኤ ይልቅ ይታገሣል። ስለዚህ ይነቀል ወይስ ይቆረጥ የሚለው ጥያቄ መልሱ በዝርያው ላይ የተመሠረተ በመሆኑ፣ እርሻችሁ ውስጥ ያለው ምን ዓይነት እንደሆነ ቢነግሩን መልካም ነው።

እዚህ ስትሬፕቶማይሲን የተባለው አንቲባዮቲክ በጥብቅ ቁጥጥር ሲፈቀድ አይቻለሁ፤ በአውሮፓ ኅብረት ግን ለእርሻ አይፈቀድምና ማንም በስውር ላምጣላችሁ ቢል እንዳትቀበሉ። ባክቴሪያው መድኃኒቱን እየለመደ መሄዱ በጃፓን ታይቷል፤ መዳብንም ቢሆን ይለምዳል።

ምላሽ፣ ከሐዋሳ

ኪዊ አላመርትም፤ የእንሰት አጠውልግን ግን አውቀዋለሁ። እሱም የባክቴሪያ በሽታ ሲሆን ከተክል ወደ ተክል በዋናነት የሚሄደው በቢላዋ ነው፤ ስለዚህ ገበሬው የታመመውን ቆርጦ ወደ ጤነኛው ከመዞሩ በፊት ቢላዋውን በእሳት እንዲያግል ይመከራል። የእናንተስ መቀስ ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ሲሄድ ይጸዳል?

ጠያቂው

ስለ ምላሻችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ዝርያው ሄይዋርድ ነው። መቀሱ የሚጸዳው ማታ ሥራ ሲያልቅ ብቻ ነው። ግረዛውም ዝናብ ቢዘንብም ባይዘንብም ይቀጥላል።

ምላሽ፣ በዕፅዋት ጥበቃ ሙያ ከሚሠራው

እንግዲያው ከርጭቱ በፊት መስተካከል ያለበት ይህ ነው። መቀሱና መጋዙ ከእያንዳንዱ ተክል በኋላ መጀመሪያ ከአፈርና ከሙጫ ይጽዳ፤ ቆሻሻ ባለበት ላይ ፀረ ተሕዋስያኑ አይሠራምና። ከዚያ 70 በመቶ አልኮል ወይም የተበረዘ በረኪና ይደረግበት። ሁለት መቀስ ቢኖርዎት አንዱ በፈሳሹ ውስጥ ሲቆይ በሌላው መሥራት ይችላሉ። ግረዛው በደረቅ ቀን ብቻ ይሁን፤ ጤነኞቹ መደዳዎች ቀድመው፣ የታመሙት በመጨረሻ ይገረዙ። ሲቆርጡ ምልክቱ ከሚታይበት በጣም ዝቅ ብለው፣ የተቆረጠው ገጽ ያለ ምንም ቡናማ መሥመር ንጹሕ እስኪሆን ድረስ ይውረዱ፤ ትልልቁን ቁስልም በቁስል መሸፈኛ ይቀቡት። ቡናማው መሥመር እስከ ግንዱ ሥር ከዘለቀ ተክሉ ይነቀል። የተቆረጠውን መደዳው ውስጥ አትተዉት።

መዳቡን በተመለከተ፣ በአውሮፓ ኅብረት ሕግ በ7 ዓመት ውስጥ በሄክታር ከ28 ኪሎ ግራም በላይ መጠቀም ስለማይፈቀድ፣ አሁን በአበባ ወቅት ከመጨረስ ለመከርና ለክረምት ማቆየቱ ይሻላል። የናይትሮጅን ማዳበሪያ ከበዛ ለምለሙ ቡቃያ በቀላሉ ስለሚያዝ ባለቤቱ መጠኑን ይመርምሩ። ቅርንጫፍም ሆነ ለማዳቀያ የሚሆን የአበባ ዱቄት ከሌላ እርሻ አታምጡ፤ ባክቴሪያው በሁለቱም ይጓዛል።